ሃያ አምስተኛው ፊርማ

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 6

ገዛሁት።

ከቀትር በኋላ ሚክ ሶርሊ ደውሎ «ሃርላን፣ የያዝከውን ሥራ ጣልና ና» አለኝ። ምን ሥራ አለኝ? ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው። የሚክ ሱቅ ከድልድዩ ማዶ ነው፤ የቤዝቦል ካርድ፣ ተጫዋቾች የፈረሙበት ኳስ፣ ዱላና ጓንት ይሸጣል። ሃያ ሁለት ዓመት ደንበኛው ነኝ። ኳሱን ነጭ ጨርቅ ላይ አስቀምጦ ጠበቀኝ። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለሁ ዋንጫ የወሰደው የቡድናችን ኳስ ነው። ከሃያ አምስቱ ተጫዋቾች ሃያ አራቱ ፈርመውበታል። በሁለቱ ስፌቶች መካከል፣ ዓይን ቀድሞ የሚያርፍበት ቦታ ግን ባዶ ነው።

«የዴል ሄገርቲ ቦታ ነው» አለ ሚክ። «የኳሱ ባለቤት እሱን ሲጠብቅ ሲጠብቅ ሞተ። አሁን ሚስቱ ሸጠችው።»

ሄገርቲ ሦስተኛውን ቤዝ፣ የሜዳውን ሦስተኛ ማዕዘን፣ የሚጠብቅልን ተጫዋች ነበር። ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ ለማንም ፈርሞ አያውቅም። እኔ ራሴ አሥራ አንድ ደብዳቤ ጽፌለታለሁ፤ አሥራ አንዱም ሳይከፈት ተመልሷል። ደብዳቤ አዳይ ነበርኩና የተመለሰውን ለራሴ ያደረስኩት እኔው ነኝ።

ስምንት ሺህ አራት መቶ ዶላር። ቼክ ጻፍኩ። ለሎርና ጊዜው ሲመች እነግራታለሁ።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 9

በችኮላ። ሎርና ቁርስ ላይ የአውሮፕላን ትኬቱን ነገር አነሳች። ልጃችን ጆዲ ኦሪገን ነው ያለችው፤ በጁን አጋማሽ ትወልዳለች፤ የመጀመሪያዋ ነው። ለሁለታችን ጉዞ ብለን ሦስት ዓመት ያጠራቀምነው ብር ነበረን።

«አሁን ብንቆርጥ ይረክሳል» አለች።

«ትንሽ እንታገሥ፤ ገና ይወርዳል» አልኳት።

አይወርድም።

እሑድ፣ ኤፕሪል 18

ሄገርቲ የት እንዳለ አወቅሁ። ወንዙን ተከትሎ ወደ ላይ አርባ ደቂቃ በመኪና፣ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። የሚክ ደንበኛ ነው የነገረኝ። «አእምሮው እየከዳው ነው፤ ብትቸኩል ይሻልሃል» አለ። እንዲህ ሲል ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ያለመሳቄን እዚህ ላይ መጻፌ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

መጦሪያው ለሽማግሌዎቹ ጋዜጣ የሚያነብላቸው በጎ ፈቃደኛ ይፈልጋል። ቅጽ ሞላሁ። «ለምን ፈለጉ?» የሚል ጥያቄ አለበት። «አዛውንቶችን ማጫወት ስለምወድ» ብዬ ጻፍኩ። ሎርና ከትከሻዬ በላይ ሆና አነበበችው። «እናቴ ሦስት ዓመት ስትማቅቅ ስንት ቀን ሄደህ አጫወትካት?» አለችና ሳህኗን ልታጥብ ሄደች።

ኳሱን ከሌሎቹ ጋር በጆዲ ክፍል አስቀምጬዋለሁ። ማለቴ ድሮ የጆዲ በነበረው ክፍል። አልጋዋ ከወጣ ዘጠኝ ዓመት ሆነው፤ አራቱም ግድግዳ መደርደሪያ ነው። መጋረጃው በደንብ አልተዘጋም ነበር። ፀሐይ ቀለም ትበላለች። ዘጋሁት።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 28

አየሁት!

ትልቅ ሰው ነው፤ ሰውነቱ ሟሟ እንጂ እጆቹ አልሟሙም። መስኮት ዳር ተቀምጦ በሩን በሩን ያያል። «አቶ ሄገርቲ፣ ጋዜጣ ላንብብልዎት?» ስለው «እርስዎ እንዳሉ» አለኝ። የትናንቱን ጨዋታ ውጤት አነበብኩለት። በመሃል አቋርጦኝ «ማን ነው ሦስተኛውን ቤዝ የያዘው?» አለ። ስሙን ነገርኩት። «እግሩ ከባድ ነው» አለ። ልቤ እንደ ልጅ ዘለለ።

የወንድሙ ልጅ በርናዲን ከሥራዋ ስትወጣ ትመጣለች። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ጸሐፊ ናት። ከሷ ሌላ ሰው የለውም። እጄን በሁለት እጇ ይዛ «አቶ ቪች፣ እግዜር ይስጥዎት። ከኔ በቀር ማንም አይጠይቀውም» አለችኝ።

ኳሱ መኪናዬ ውስጥ ነበር። ዛሬ አላወጣሁትም። ጨዋነት አለ።

ረቡዕ፣ ሜይ 5

ስገባ ፊቱ በራ። «ሬይ! የት ጠፍተህ ነው?» አለኝ።

ሬይ ወንድሙ ነው፤ የበርናዲን አባት። ሞቷል። ነርሷ አጠገቤ ቆማ «ዝም ብለው ይቀበሉት፤ ሲያርሙት ይጨነቃል» ብላ ሹክ አለችኝ። እንግዲህ የተባልኩትን ነው ያደረግኩት።

«መንገድ ላይ ነበርኩ» አልኩት።

«ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነህ» አለና ሳቀ። ሬይ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር ለካ። ከዚያ ወዲያ «እርስዎ» አላለኝም። እኔም ሳላስበው «አንተ» ብዬ መለስኩለት።

ረቡዕ፣ ሜይ 12

በርናዲን መኪና ማቆሚያው ድረስ ሸኘችኝ። ለምን እንደማይፈርም ጠየቅኋት፤ እንደ ዘበት አድርጌ።

«አባቴ ሲሞት ዘጠኝ ዓመቴ ነበር» አለች። «በረዶ ላይ መኪናው ተገለበጠ። አጎቴ ዴል በቀብሩ ላይ እጄን ይዞ ቆሟል፤ ሰው ተሰልፎ ‹እግዜር ያጽናችሁ› እያለ ይጨብጠዋል። አንዱ ተራው ሲደርስ ከኮቱ ኪስ ኳስና ብዕር አወጣ። ገና አፈሩ አልደረቀም እኮ! አጎቴ ብዕሩን ተቀብሎ ፈረመለት። ማታ ቤት ሲገባ ‹በርኒ፣ ከዛሬ በኋላ እጄ ለዚህ ነገር ሞታለች› አለኝ።»

ሰው እንዴት እንደዚያ ይሆናል? ቀብር ላይ! እኔ እንደዚያ ያለ ነገር በሕልሜም አላደርግም።

ወደ ቤት ስመለስ ሬዲዮውን አልከፈትኩም።

ቅዳሜ፣ ሜይ 22

ሎርና ባንክ ሄደች።

ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳ አላስቀመጠችም። ጠረጴዛው ማዶ ቆመች።

«የትኬቱ ብር የት አለ?»

«አለ። ተቀይሮ ነው ያለው።»

«ወደ ምን ተቀይሮ?»

የጆዲን ክፍል ከፍቼ አሳየኋት። ስለ ባዶው ቦታ፣ ስለ ሄገርቲ፣ ሲፈረም አምስት እጥፍ እንደሚያወጣ፣ ያኔ ስንት ጊዜ ኦሪገን መመላለስ እንደምንችል ነገርኳት። ብዙ አወራሁ። ኳሱን አንስታ አገላበጠችው፤ በባዶ እጇ! «ሎርና፣ የእጅሽ ላብ!» አልኩ። አፌ አመለጠኝ።

ቀስ ብላ ቦታው መለሰችው። «ባለፈው የገና በዓል ጆዲ አርግዛ መጥታ ሶፋ ላይ ነው የተኛችው» አለች። «ክፍሏን ለእነዚህ ሰጥተን። አፈርኩ አላልኩህም፤ ግን አፍሬ ነበር።»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ጁን 3

ሎርና ሄደች። ትኬቱን እህቷ ቆረጠችላት። አየር ማረፊያ ድረስ አደረስኳት። ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ይዛለች፤ የክረምት ካፖርቷንም ጭምር። ኦሪገን ይዘንባል ማለት ነው። ለአንድ ወር ነው። በጁላይ መጀመሪያ ትመለሳለች።

ስትለየኝ ኮሌታዬን አስተካከለችልኝ። «ራስህን ጠብቅ» አለች። እኔ ደግሞ «ስትደርሺ ደውዪ» አልኩ።

ረቡዕ፣ ጁን 9

ዴል ዛሬ ደህና ነበር። ልጆች ሳሉ አባታቸው ሲደበድባቸው ሬይ እንዴት ፊቱ ቆሞ እንደሚመታለት አወራኝ። «አንተ ባትኖር አባዬ ይገድለኝ ነበር» አለኝ። እጄን ያዘ። «አንተ ከኔ የተሻልክ ተጫዋች ነበርክ፤ ታውቃለህ አይደል? ሥራ ገባህና እኔን አስተማርከኝ።»

ምን ልበለው? «ያለፈው አለፈ» አልኩ። ኳሱ ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር። ዛሬም አላወጣሁትም። ሚክ ግን በየቀኑ ይደውላል። «ሰውዬው ዛሬ አለ፣ ነገ የለም፤ አንተ እዚያ ጋዜጣ ታነባለህ!» ይለኛል።

ረቡዕ፣ ጁን 16

ሴት ልጅ። ሎርና ስምንት ጊዜ ደውላ አላገኘችኝም፤ መጦሪያው ውስጥ ስልኬን አጠፋለሁ። ሁለቱም ደህና ናቸው። ድምፅዋ ከሩቅ ይመጣል። «ልጅቷ ያንተን ጆሮ ይዛ ነው የመጣችው» አለች። ሳቅሁ። እሷ ስትስቅ አልሰማሁም።

ቤቱ ጸጥ ብሏል። የበቆሎ ዳቦ ገዝቼ ቆሜ በላሁ።

ረቡዕ፣ ጁን 23

ፈረመ። ፈረመ። ፈረመ።

እራት በላሁ። አሁን ረጋ ብዬ ልጻፈው።

ስገባ ይቁነጠነጥ ነበር፤ «እማዬ መቼ ነው የምትመጣው?» ይላል። አረጋጋሁት። በርናዲን ስብሰባ ስላላት ዛሬ አትመጣም። ነርሷም ወደ ሌላ ክፍል ሄደች። ኳሱንና ሰማያዊውን ብዕር አወጣሁ። ባየው ጊዜ እጁን ወደ ደረቱ ሰበሰበ።

«ኳስ አልፈርምም» አለ።

«ለሌላ ሰው አይደለም፤ ለኔ ነው። ለሬይ።»

ብዙ አየኝ። ከዚያ ሳቀ። «አንተ ደግሞ! ፊርማዬን ምን ታደርግበታለህ? እኔው ራሴ እያለሁልህ!»

«ረጅም መንገድ ልሄድ ነው፤ እሱን እያየሁ እንዳስብህ።»

ይህን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ብዕሩን ተቀበለ። ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ እንደ ተማሪ ጎንበስ ብሎ ጀመረ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበርና ከሥር ደገፍኩለት። ዴልን ጻፈ። ሄገርቲን ጀምሮ መሃል ላይ ቆመ። ቀና ብሎ አየኝና «ከዚህ በኋላ የሚመጣው ማነው?» አለኝ።

ፊደሉን ነገርኩት። ጻፈው። የሚቀጥለውንም ጠየቀኝ፤ የሚቀጥለውንም ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ድረስ።

ከጨረሰ በኋላ «አትራቅ እሺ?» አለኝ። «እሺ» አልኩት።

መኪናው ውስጥ ገብቼ ሃያ ደቂቃ ሞተር ሳላስነሳ ተቀመጥኩ። ደስታ ነው መሰለኝ። አርባ ዘጠኝ ዓመት የጠበቅሁት ነገር ነው፤ ደስታ ካልሆነ ምን ሊሆን ይችላል?

ቅዳሜ፣ ጁን 26

ሚክ ኳሱን ሲያይ መነጽሩን አውልቆ ወለወለና እንደገና አደረገ። «አንተ ሰውዬ፣ ሰይጣን ነህ!» ብሎ አቀፈኝ። ፎቶ አነሳው። ወደ ፊርማ መርማሪዎቹ ዛሬውኑ ይልከዋል፤ እነሱ አይተው ምስክር ወረቀት ካልሰጡት ዋጋ የለውም።

ፎቶውን ለማን ሊያሳይ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። መጠየቅ ነበረብኝ።

ረቡዕ፣ ጁላይ 7

ባለፈው ረቡዕ አልሄድኩም፤ ጉንፋን ይዞኝ ነበር። ጉንፋን ብዬ ነው ለራሴ የነገርኩት። ዛሬ ሄድኩ።

ከኮሪደሩ ጀምሮ ጩኸት ይሰማል። ሚክ ፎቶውን ኢንተርኔት ላይ ለጥፎት ኖሯል፤ «ሄገርቲ መፈረም ጀመረ» ብሎ። ሦስት ጎልማሶች ኳስ ይዘው ዊልቸሩን ከበውታል። አንዱ «አባባ፣ አንድ ብቻ፤ እናቴ ትሙት አንድ ብቻ!» ይላል። ዴል ሁለት እጁን ብብቱ ውስጥ ደብቆ እየጮኸ ነው።

«ዛሬ ቀብር ነው! አታፍሩም? ወንድሜ እኮ ነው የሞተው! ሬይ ነው የሞተው!»

ነርሶቹ ሰዎቹን አስወጧቸው። እሱ ግን አላቆመም። ሬይ መሞቱን አሁን ገና እንደሰማ ሰው ያለቅስ ነበር። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። አየኝ። ምን እንዳየ አላውቅም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

በርናዲን ከኋላዬ መጣች። ነርሷ የሆነውን ሁሉ ነግራታለች፤ ሬይ የተባለው ማን እንደሆነም፣ ኳሱንም።

«አንተ ነህ?» አለችኝ። አንተ አለችኝ። «የአባቴን ስም ለብሰህ የገባኸው አንተ ነህ?»

«ወይዘሮ በርናዲን፣ እኔ ነርሷ እንዳይጨነቅ ብላኝ...»

«ዝም በል! የቀብሩን ነገር እኔ ነኝ በአፌ የነገርኩህ። አምኜህ ነው የነገርኩህ። ሰምተህ፣ ራስህን ነቅንቀህ፣ ‹ያሳዝናል› ብለህ፣ ከዚያ ሄደህ እንደዚያው ሰውዬ አደረግክ። የለም፤ ያኛው እንኳ በራሱ ስም ነው የለመነው።»

ቁልፌ ከእጄ ወደቀ። ጎንበስ ብዬ ሳነሳ ጫማዋን ብቻ አየሁ።

«ሂድ። ሁለተኛ እዚህ ግቢ እንዳላይህ።»

ዓርብ፣ ጁላይ 9

ለሚክ ደወልኩለት። «ለምን ለጠፍከው?» አልኩት። «ልትደብቀው ነው እንዴ የገዛኸው?» አለኝ።

ሎርና አልተመለሰችም። ጆዲ እርዳታ ያስፈልጋታል አለች። እውነቷን ነው፤ አራስ ናት።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 20

የመርማሪዎቹ ደብዳቤ ደረሰ። ሚክ ሱቁን ዘግቶ አነበበልኝ፤ ሱቁን ሲዘጋ ነው የገባኝ። ሃያ አራቱ ፊርማ ትክክለኛ ነው ይላል። ሃያ አምስተኛው፣ የሄገርቲ የተባለው፣ ከወጣትነቱ ፊርማዎች ጋር አይመሳሰልም፤ ፊደሉ ተቆራርጧል፤ ሌላ ሰው አስመስሎ የጻፈው ይመስላል። በሐሰተኛ ፊርማ ምክንያት ለኳሱ ምስክር ወረቀት አይሰጥም።

«ማንም አይገዛውም» አለ ሚክ። «ባዶ ቢሆን ኖሮ እንኳ ይሻል ነበር። ለመሆኑ... በኔና ባንተ መካከል ይቅር... እውነት እሱ ነው የፈረመው?»

ሃያ ሁለት ዓመት የሚያውቀኝ ሰው ነው።

እንደ እብድ ሳቅሁ። ሃያ አራቱ ሰዎች ሲፈርሙ አላየሁም፤ ማን እንደጻፈላቸው እግዜር ይወቅ። በዓይኔ ያየሁት፣ እጁን ይዤ ትንፋሹን እየሰማሁ ያየሁት ይህን አንዱን ነው። ሐሰት ነው የተባለውም ይኸው ነው። ደግሞም ፊደሉን የነገርኩት እኔ ነኝ። እንግዲያው የማን ፊርማ ነው? ስለዚህ ነገር ሳስብ ዋልኩ። ውሸቱን ነው ያገኙት። የዋሸውን ሰው ግን ተሳስተዋል።

እሑድ፣ ኦገስት 1

ምንም የለም። ሣር አላጨድኩም። የጎረቤቴ ሚስት በአጥሩ በኩል «ሎርና መቼ ነው የምትመጣው?» ብላ ጠየቀችኝ። «በዚህ ሳምንት» አልኳት። ባሏ ከጀርባዋ «ተይው» ሲላት ሰማሁ።

እሑድ፣ ኦገስት 8

ሎርና ደወለች።

«ሃርላን፣ አልመለስም።»

«እስከ ሴፕቴምበር ማለትሽ ነው?»

«ማለቴ አልመለስም ነው። እዚህ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሥራ አግኝቻለሁ። እዚያ እሠራው የነበረውን ነው የምሠራው።»

«ሁሉንም እሸጠዋለሁ። ነገውኑ። ክፍሉን ባዶ አደርገዋለሁ።»

«እሱን ለራስህ ስትል አድርገው። እኔን ኳስ አይመልሰኝም። ዘጠኝ ዓመት መጋረጃ ዘግተን ኖርን እኮ። እዚህ ጠዋት ጠዋት ሕፃኗን ይዤ መስኮት ዳር እቀመጣለሁ። ፀሐዩ ፊታችን ላይ ነው። መጀመሪያ ቀን ተነሥቼ ልዘጋው ነበር፤ ለምን እንደምዘጋው ግን ራሴም አላወቅሁም። ያኔ አለቀስኩ።»

«ሎርና...»

«አልተጣላሁህም፤ ደክሞኝ ነው።»

ሠላሳ ስድስት ዓመት ነው። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ብዙ ይዤው ቆየሁ። ጆዲን ላናግራት አለማለቴ አሁን ነው ትዝ ያለኝ።

ሰኞ፣ ኦገስት 9

የክፍሉን መጋረጃ ከፈትኩ። አቧራ ብቻ ነው የታየኝ። መልሼ ዘጋሁት። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ።

ሐሙስ፣ ኦገስት 19

ስልኩ ሲጮህ ሎርና መስላኝ ሮጥኩ። በርናዲን ናት።

«አልማርኩህም። ይህን አስቀድመህ እወቅ» አለች።

«አውቃለሁ።»

«አጎቴ አልጋ ላይ ወድቋል። ምግብ እንቢ ካለ አሥር ቀኑ ነው። በር በሩን ያያል። ሬይ ‹አልርቅም› ብሎኛል ይላል። ወንድምህ ሞቷል አልለው ነገር፣ እሱን ነግረውት አይተናል። በየቀኑ እንደ አዲስ ነው የሚያለቅሰው። አንተ ጀመርከው፤ አንተ ጨርሰው። ነገ ና። እንደ ድሮው ሁንለት።»

«በአባትሽ ስም?»

«በአባቴ ስም» አለች። እንዴት እንደተናገረችው መጻፍ አልችልም።

ዓርብ፣ ኦገስት 20

ሄድኩ። ኮት አልለበስኩም፤ ኪስ ያለው ነገር መልበስ ፈራሁ።

በርናዲን በሩ ላይ ጠበቀችኝ። በእጇ ወደ ውስጥ አሳየችኝ። እሷ ውጭ ቀረች። አልጋው ላይ ሰው ያለ አይመስልም፤ እጆቹ ብቻ አንሶላው ላይ አሉ። ዓይኑን ገልጦ አየኝ። «ሬይ» እስኪለኝ ጠበቅሁ። መንገድ ላይ ነበርኩ ብዬ ልመልስለት አፌ ላይ አዘጋጅቼዋለሁ።

«እርስዎ ማነዎት?» አለኝ።

ሬይ ነኝ ማለት ነበረብኝ። የመጣሁትም ለሱ ነው። አንድ ቃል ናት። ከውሸቶቼ ሁሉ ለሰው የሚጠቅመው ያ አንዱ ነበር፤ እሱ ነው ከአፌ አልወጣ ያለኝ።

«ሃርላን ቪች እባላለሁ» አልኩት። «ደብዳቤ አዳይ ነበርኩ።»

«ደብዳቤ አመጡልኝ?»

«አላመጣሁም አቶ ሄገርቲ።»

«መንገድ ላይ ሬይን አላዩትም? ወንድሜ ነው። ትልቅ የጭነት መኪና ነው የሚነዳው።»

«አላየሁትም።»

ራሱን ነቀነቀ። አልተከፋም፤ ሌላ መልስ የጠበቀም አይመስልም። ወንበሩን በጣቱ አሳየኝ። «እስኪመጣ ድረስ ቁጭ ይበሉ። ቆሞ መጠበቅ ያደክማል።»

ተቀመጥኩ። ሾርባውን አንስቼ በማንኪያ ሞከርኩ። «ሬይ ሲመጣ አብረን እንበላለን» ብሎ ከንፈሩን ገጠመ። እንዲህ ሆነን ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ዋልን። አንዴ ያንቀላፋል፣ አንዴ ይነቃል፤ በነቃ ቁጥር መጀመሪያ በሩን፣ ከዚያ እኔን ያያል።

ልነሳ ስል እጄን ያዘኝ። ያ ትልቅ እጁ ምንም ክብደት የለውም።

«ምን ይመስልዎታል፣ ይመጣ ይሆን?»

«እኔም እንደ እርስዎ እየጠበቅኩ ነው» አልኩት።

ስወጣ በርናዲን ኮሪደሩ ወንበር ላይ ነበረች። በሩ ክፍት ስለነበር ሁሉንም ሰምታለች። «አልቻልኩም» አልኳት። ቀና ብላ አላየችኝም።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 24

ዴል ሄገርቲ እሑድ ጠዋት ሞተ። ዛሬ በርናዲን ደውላ ነገረችኝ። ቀብሩ ሐሙስ ነው፤ እንዳልመጣ ለመነችኝ። አዘዘችኝ አላልኩም፤ ለመነችኝ። «እሺ» አልኳት።

ልትዘጋው ስትል «ዓርብ ማታ» አለች፣ «አንተ ከሄድክ በኋላ ገብቼ ‹አጎቴ፣ ዛሬ ማን መጣልህ?› አልኩት።»

ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁ።

«‹ማንም አልመጣም› አለኝ። ‹አንድ ሰውዬ ተቀምጦ ነበር።›»